ከቀዩ ጀሪካን በኋላ

ለበረሃ ማዕበል የውሃ መዝናኛ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ኒቆዲሞስ ተሰማ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ በዚያውም አንድ ጀሪካን እንዲነሣ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በዚህ ሙቀት ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣው ጄኔሬተርዎና በሩ ላይ የሚቀበሉን ዘበኛዎ ሁሉም ደኅና እንደሚሆኑ ተስፋ አለኝ። እኛም አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ካለፈው ዒድ ወዲህ ቤታችን በአንድ ሰው ስለቀነሰ፣ በበርሜል የምናጠራቅመው ውሃ እንኳ መትረፍ ጀምሯል።

ሙልኪ ዐብዲሻኩር እባላለሁ። ጀልባዎን ይነዳ የነበረው የኻሊፍ ታናሽ እህት ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርቴን ስላልቀጠልኩ በአጻጻፌ ላይ ለሚያገኙት ጉድለት አስቀድሜ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ አያስታውሱኝም እንጂ ቢሮዎ መጥቼ ከጸሐፊዎ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና «እህቴ፣ ምን ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ «ምንም» ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ። በሌላም ቀን መጥቼ እንደዚያው ሆነ። ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። በጽሑፍ አድርጌ አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ልከተው ብልም፣ የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ መቆየቱን ዘበኛዎ በቅንነት ነገሩኝ። ስለዚህ ባጃጆች ለቤንዚን በሚሰለፉበት ማደያ አጥር ላይ ለጥፌዋለሁ። በከተማችን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያለው አንባቢ የሚገኝበት ቦታ አላውቅም።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ጀልባው ተጠግኖ በመጪው ዐረፋ እንደገና ውሃ ላይ እንደሚወርድ፣ የወንድሜ ጓደኛ ናሲርም ሊነዳው እንደተቀጠረ ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን በፊት ኩሬው ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ጀሪካን፣ መውረጃው ላይም የተተከለውን ማስታወቂያ እንዲያስነሡልን ነው። ያለ ምስጋና መለመን ነውር ስለሆነ ግን፣ የማመሰግንበትን ሁሉ በተራ ቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ጀልባ ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ከተማችን እስከ ዛሬ ውሃን የምታውቀው በሁለት ጠባዩ ብቻ ነበር፤ ከቧንቧ ሲጠፋና የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ። እርስዎ ሦስተኛውን፣ ሰው ትኬት ቆርጦ የሚስቅበትን ውሃ አሳዩን። በጀልዴሳ መንገድ ኩሬ ገደቡ፤ ግመልና ፍየል የሚያጠጡት ሰዎች አንድ ጥግ ተሰጣቸው፤ የቀረው ለጀልባው ሆነ። ጀልባው በመጣ ሰሞን ኻሊፍ ቤት ገብቶ ምሳውን ሳይበላ ሲያስረዳኝ ዋለ። «አባዮ፣ ይሄ እንደ ሌላው ጀልባ ከኋላው የሚሽከረከር ነገር የለውም። በሆዱ ውሃ ይጠጣል፣ በኋላው ይተፋል፣ በተፋው ልክ ይሮጣል። አቦ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ አታውቂም!» አለኝ። አባዮ በቤታችን ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። አሁን እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ የለም።

፪ኛ/ ቤንዚን ስለመቆጠብዎ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት ባለ ባጃጆች ጀልባው ኩሬውን አንድ ጊዜ ሲዞር የሚጠጣውን ቤንዚን ቢሰጧቸው ቀኑን ሙሉ ይሠሩበት ነበር። ለማስታወቂያ ፊልም ሲባል ግመሎቹን በጀልባው ያሯሯጡበት ቀንም ነበር። ትልልቅ እንግዶች ፎቶ እስኪነሡ ድረስ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲጠብቅ ይውል ነበር። ይህ ሁሉ ለእንግዳ ክብር የተደረገ ስለሆነ ሊቆጠብ አይችልም። ቁጠባው ከየት ይምጣ ተብሎ ሲታሰብ፣ ከመጨረሻዋ ከጥቂቷ ሜትር እንዲመጣ ተወሰነ። ከመውረጃው ትንሽ ራቅ ብሎ በገመድና በድንጋይ የታሰረ ቀይ ጀሪካን ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። «ከቀዩ ጀሪካን በኋላ ነዳጅ መስጫውን መልቀቅ ግዴታ ነው» የሚል ማስታወቂያም ተተከለ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ወንድሜም በዚህ ደስ ብሎት ነበር። ኻሊፍ ወደ እናንተ ከመምጣቱ በፊት ከሐረማያ በአይሱዙ ሽንኩርት ያመላልስ ነበር፤ የደንገጎን ቁልቁለት ማርሹን አውጥቶ በፎሌ በመውረድ የታወቀ ነው። ሲቀጠር ቤንዚን እንዴት እንደሚቆጥብ ጠይቀውት፣ «አቦ፣ እኔ ከደንገጎ እስከ ከተማ ነዳጅ አልሸትም!» ብሎ ሁላችሁንም አሳቃችሁ። እርስዎም «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው» አሉት። ማታ ቤት ገብቶ ድምፅዎን እያስመሰለ ሲነግረን እናቴ በሳቅ እንባዋ ፈሰሰ። ስለዚህ የጀሪካኑ ሐሳብ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። የሁለታችሁ ነው። ልዩነቱ እርሱ ሐሳቡ ላይ ተሳፍሮ መሄዱ ነው።

መኪና በፎሌም ሲወርድ መሪውን ይሰማል። ኻሊፍ የሚያውቀው ይህንን ነው። እርስዎም በመኪና ስለሚሄዱ የሚያውቁት ይህንኑ ይመስለኛል።

ፎቶውን በማዕቀፍ አድርገው «የወሩ ቆጣቢ» ብለው በሩ ላይ ስለሰቀሉለትም አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ የለበሰው ሸሚዝ የእኔ ምርጫ ነው።

፫ኛ/ የሕይወት ጃኬቶቹ ንጹሕ ሆነው ስለመቆየታቸው አመሰግናለሁ። እነዚያ ብርቱካንማ ጃኬቶች በሩ አጠገብ ፎቶ ለሚነሡ እንግዶች ተሰቅለው ስለሚውሉ፣ ውሃ ነክቷቸው ቀለማቸው እንዳይለቅ ተጠንቅቃችኋል። ለኻሊፍ አለመሰጠቱም ምክንያት ነበረው። ነጂው ጃኬት ከለበሰ ተሳፋሪው ይፈራል ተባለ። እውነትም ተሳፋሪዎቹ እስከ መጨረሻው አልፈሩም።

፬ኛ/ የላኩልንን የሐዘን መግለጫ ሳላመሰግን አላልፍም። ደብዳቤው በጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት ነው የደረሰን። እናቴ ኑርቶ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «ነጂው ማዞር ሲገባው ባለማዞሩ በደረሰው አደጋ የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። እናቴ «አንድ ጊዜ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ እንዳነበው ስላልጠየቀችኝ አላህን አመሰገንኩ።

ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ከተማ ስላልነበሩ ያየሁትን ብነግርዎ ቅር አይሰኙም ብዬ አምናለሁ።

የዒድ ዕለት እናቴና እኔ ልናየው መጥተን ነበር። ጀልባው ላይ ስናየው የመጀመሪያችን ነው። እናቴ ውሃ ስለምትፈራ ራቅ ብላ ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ እኔ ሲሚንቶው መውረጃ አጠገብ ቆምኩ። በዓል ስለሆነና ወረፋው ስለረዘመ ጀልባው ከልኩ በላይ ሰው እንዲጭን ታዝዞ ነበር። ሌላ ቀን ቀለል ብሎ፣ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ ነዳጁ ቢለቀቅም በራሱ ፍጥነት ተንሳፍፎ መውረጃው ጎን ይቆም ነበር። በዚያ ቀን ግን ከብዶ ነበር፤ የከበደ ነገር ቶሎ አይቆምም። ኻሊፍ ከሩቅ አየኝ፤ እጁን አነሣልኝ። ጀሪካኑ ላይ ሲደርስ እንደታዘዘው ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ደስ የሚል ዝምታ ነበር፤ ውሃው ጀልባውን ሲመታው ይሰማ ነበር።

ጀልባው ወደ ሲሚንቶው ቀጥ ብሎ መጣ። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ «አዙር! አዙር!» እያለ ጮኸ። ሕፃናቱም፣ ፍየል የሚያጠጡት ሰዎችም፣ የእናንተ ዘበኛም ሁሉም ይህንኑ ጮኹ። እኔ ብቻ አልጮኽኩም፤ ድምፄ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ኻሊፍ እያዞረ ነበር። እጆቹን አይቻቸዋለሁ። መሪው ወደ ግራ ዞረ፣ ዞረ፣ መዞሪያውን እስኪጨርስ ዞረ፤ ጀልባው ግን አፍንጫውን ከሲሚንቶው አላነሣም። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። የገዛ ግመሉ አላውቅህም ያለችው ሰው ይመስል ነበር።

ሌላውን መሥሪያ ቤትዎ መዝግቦታል። ተሳፋሪዎቹ በስብራት ተረፉ። ወንድሜ ሲሚንቶው ላይ፣ ከእኔ እግር ብዙ ሳይርቅ ወደቀ።

ለምን እንዳልዞረ ያወቅነው በኋላ ነው። ጀልባውን ሊጠግን ከጅቡቲ የመጣው ዒብራሂም የሚባል ሜካኒክ ለተዕዚያ፣ ሐዘን ሊደርሰን፣ ቤታችን መጣ። ከጎረቤት ሰምቶ እንጂ ማንም አልላከውም። ያን ዕለት ውሃ መጥቶ ስለነበር ግቢያችን ውስጥ ከቧንቧው በጎማ እየቀዳሁ ነበር። እናቴ በሶማልኛ «ልጄ ለምን አላዞረም?» ብላ ጠየቀችው። ዒብራሂም ተነሣና ጎማውን ከእጄ ወስዶ መሬት ላይ ጣለው። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ጎማው እንደ እባብ ተገላበጠ፤ አፉ ወደ ዞረበት ሁሉ ይወራጭ ነበር። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋው። ጎማው ተኛ። በእግሩ አፉን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞረው፤ ጎማው ምንም አልሆነም። «ሆዮ፣ እናቴ፣ ይኸው ነው። ይሄ ጀልባ የሚዞረው በሚተፋው ውሃ ነው። ነዳጁን ከለቀቁት አይተፋም፤ ካልተፋ መሪው ጌጥ ነው። ልጅሽ አዙሯል። ማዞር ሳይሆን ነዳጅ መስጠት ነበር የሚያድነው፤ ይህን ደግሞ የነገረው የለም» አላት። እናቴ ጎማውን አየችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ውሃ በመጣ ቁጥር እኔ በባልዲ ነው የምቀዳው፤ ጎማው ወደ ቤት አልገባም፣ ከግቢም አልወጣም፤ በተኛበት አለ።

እኔም እያፈርኩ አንድ ነገር ጠየቅኩት። ከጀሪካኑ እስከ መውረጃው ነዳጅ ባይለቀቅ ኖሮ ምን ያህል ቤንዚን ይባክን ነበር አልኩት። በአመልካች ጣቱና በአውራ ጣቱ መሐል ትንሽ ቦታ ከፍቶ አሳየኝ። አንዲት ሲኒ ብትሞላ ነው አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ቁጠባ አገር ያመሰግንዎታል።

፭ኛ/ ስለ ናሲር አመሰግናለሁ። ሥራ ካጣ ቆይቶ ነበርና ስለቀጠሩት አላህ ይስጥልኝ። ናሲርም እንደ ኻሊፍ የደንገጎ ሰው ነው፤ አይሱዙውን እየተፈራረቁ ይነዱ ነበር፤ ፎሌውንም ከወንድሜ ነው የተማረው። ዒብራሂም ያሳየንን እኔ ለናሲር ጎማውን እየጠቆምኩ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ማውራት ስለማልችል ግማሹን እናቴ ነገረችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማንና «አቦ ሙልኪ፣ እኔ ምን ላድርግ? ማታ ማታ ታንከሩ ውስጥ እንጨት ከተው ይለካሉ። ጎድሎ ከተገኘ በማግሥቱ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው» አለ። ደግሞም፣ «ባይለኩም እኮ እጄ ራሱ ይለቅቃል፤ መውረጃ ሲያይ ይለቅቃል» ብሎ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው።

ባለፈው ሳምንት በበሩ ሳልፍ የናሲር ፎቶ ተሰቅሎ አየሁ። ገና አንድ ሰው እንኳ ሳያሳፍር የወሩ ቆጣቢ መሆኑ ያስመሰግነዋል። የኻሊፍ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ግድግዳው ነጣ ብሎ ይታይ ነበር፤ አዲሱ ፎቶ በዚያው ምስማር ላይ፣ በዚያው ልክ ስለተሰቀለ ነጩ ቦታ ተሸፍኗል። ምስማር እንኳ ሳይባክን መቅረቱ ደስ ይላል።

፮ኛ ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤዋለሁ፤ ምስጋና ስላልሆነ። ግን ወረቀቱ ተሰርዞ እንዳያዩት ስለፈለግሁ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ስጽፍ እንደገና እጄ ጻፈው። እንደሚከተለው ነው።

ጀልባው እስኪጠገን ድረስ በቢሮዎ ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ውሃ ልቀዳ ስሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አየው ነበር። መሪው ኻሊፍ እንደተወው እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ማንም አልነካውም። ውስጡ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ቁራዎች ይጠጡ ነበር። ሪፖርት የጻፉት ሰዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ አላዞረም ብለው ለመጻፍ ዓይናቸውን የት እንዳስቀመጡት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን አስተኝቶ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይሰማኛል። ሞተሩ ሲነሣ አይሰማኝም፤ ዝቅ ሲል ብቻ ነው የሚሰማኝ። ከዚያ ያ ዝምታ ይመጣል። መንገድ ላይ አንዱ ለባጃጅ «አዙር» ሲል ከሰማሁ እግሬ ይቆማል፤ ባጃጁ ዞሮ እስኪሄድ ድረስ አልንቀሳቀስም። እናቴ ደግሞ የኻሊፍን ሰንደል ጫማ ከበራፍ አላነሣችም። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግሎ እግሩን ያቃጥለዋል ብላ ጥላው በዞረ ቁጥር ታዞረዋለች። በቤታችን የሚዞር ነገር እርሱ ብቻ ነው።

ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ጀልባው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። መሪውም ቀጥ ተደርጓል። ያየው ሰው ማንም አዙሮት አያውቅም ይላል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለምስጋና ያህል ይህ ይበቃል። ልመናዬን ደግሜ ልናገርና ላብቃ። የወንድሜን ስም አጽዱልኝ አልልም፤ መግለጫው ማኅተም ተደርጎበታል፣ ማኅተም ማንሣት ከባድ እንደሆነ እሰማለሁ። ካሳም አልጠየቅንም። ጀሪካኑ ግን ያለው በገመድ ታስሮ ነው፤ ገመድ ደግሞ በቢላ ይቆረጣል። ማስታወቂያውም በሁለት ቡሎን የታሰረ ነው። ለናሲርም «እስክትቆም ድረስ ነዳጅ መስጫውን አትልቀቅ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከእርስዎ አፍ ቢሰማ እጁ ይታዘዝ ይሆናል። ከእኔ ሰምቷል፤ ግን የእኔ ድምፅ እንደሚያውቁት ነው።

ማቀዝቀዣዎ እንዳይበላሽ፣ ጄኔሬተርዎ ነዳጅ እንዳያጣ፣ እርስዎም በሚሳፈሩበት ነገር ሁሉ መሪው የሚሰማዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለከተማችን መዝናናትና ለቤንዚን ደኅንነት ለሚያደርጉት ድካም አንገቴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።

ከቀዩ ጀሪካን ወዲህ፣ ከዳር ከቆሙት አንዷ፣
የወሩ ቆጣቢ የነበረው የኻሊፍ እህት፣
ሙልኪ ዐብዲሻኩር
ከመጋላ

ማሳሰቢያ፦ በዐረፋ ዕለት የመጀመሪያውን ዙር ክቡርነትዎ ከልጆችዎ ጋር እንደሚሳፈሩ ናሲር በኩራት ነግሮናል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ጀሪካኑ እስከዚያ ካልተነሣ ናሲር እንደ ትእዛዝዎ ነዳጁን ይለቅቃል፤ ደስ የሚለውን ዝምታም ትሰማላችሁ። ያን ጊዜ እባክዎ «አዙር» ብለው አይጩኹበት፤ እያዞረ ይሆናል። «ነዳጅ ስጥ!» ነው የሚባለው። ድንገት ቢረሱት እንኳ አይጨነቁ፤ እኔ ዳር ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ከቀትር በኋላ ከተማው ሲተኛ ወደ ደቻቱ ደረቅ አሸዋ እየወረድኩ፣ ይህቺን አንዲት ቃል ብቻዬን መጮህ እየተለማመድኩ ነው። መጀመሪያ ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሎ ነበር። አሁን ማዶ ይደርሳል።